ከፎቶግራፉ ጀርባ «ግንቦት 1945» ይላል፤ አያቴ ኮሪያ ላይ ምን ሠሩ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አያትዎ የክብር ዘበኛ ተራ ወታደር ነበሩ። ኮሪያ ዘምተው በሰላም ተመልሰዋል፤ ስለ ጦርነቱ ግን ለልጅም ለልጅ ልጅም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አርፈዋል። ከሣጥናቸው ሦስት ነገር ተገኘ። አንደኛው ሦስት ወታደሮች በአሸዋ ጆንያ ከተሠራ ምሽግ ፊት ተቀምጠው የተነሡት፣ ከጀርባው በእጅ «ግንቦት 1945» የተጻፈበት ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊና ነጭ ሪባን ያለው ሜዳይ ነው። ሦስተኛው በእንግሊዝኛ የተሞላ፣ ቀኑ «ጁን 1953» የሚል፣ ግራ ክንዳቸው በሞርታር ፍንጣሪ መቁሰሉን የሚገልጽ የሕክምና ቅጽ ነው። አጎትዎ ደግሞ «አባታችን እዚያ ወጥ ቤት ነበር የሠሩት፤ ተኩስ አላዩም» ይላሉ። እርስዎም «ዓመቶቹ አይገጥሙም፣ ወጥ ሠሪም በሞርታር አይቆስልም፤ ወረቀቱ የሌላ ሰው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ወደ ታች ላብራራ። ፎቶግራፉ፣ ቅጹና የአጎትዎ ቃል እርስ በርስ አይጣሉም። ሦስቱም ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ወቅት የሚናገሩ ይመስለኛል። አያትዎ ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር (ቃኘው ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከቻቸው ሻለቆች መጠሪያ ነው) የዘመቱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ያም ማለት በጦርነቱ የመጨረሻ ሦስት ወራት ግንባር ላይ ነበሩ ማለት ነው። ወጥ ሠሪ ቢሆኑም ያው ነው።

በዘመን አቆጣጠሩ ልጀምር፤ ከኮሪያ ዘማች ቤተሰቦች ወረቀት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚያሳስተው እርሱ ነውና። የእኛ ዓመት ከፈረንጆቹ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ግንቦት 1945 የሚጀምረው በፈረንጆቹ ሜይ 9 ቀን 1953 ነው። አያትዎ ወይም ጓደኛቸው በፎቶግራፉ ጀርባ የጻፉት በአገራቸው አቆጣጠር ነው፤ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቅጹን የሞላው በራሱ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ ሰባት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። ስምንት ዓመት የመሰለዎት ነገር ሰባት ሳምንት ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው የሚለው ጥርጣሬ አብዛኛው ጉልበቱን ያጣል።

ይህን ስሌት ካገኘን የሻለቆቹን ተራ ማየት ነው። ኢትዮጵያ ወታደሮቿን ወደ ኮሪያ የላከችው አንድ ሻለቃ ሌላውን እየተካ ነበር። አንደኛው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ሁለተኛው በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ መሪነት በመጋቢት 1944 ገባ። ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ሥር በሚያዝያ 1945 ደረሰ። የተኩስ አቁሙ ስምምነት በፓንሙንጆም የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሄዱት ሰላም አስከባሪዎች እንጂ ተዋጊዎች አልነበሩም። አያትዎ በግንቦት 1945 ምሽግ ፊት ተቀምጠው ፎቶግራፍ ከተነሡ፣ አንድም ከሦስተኛው ጋር አዲስ የገቡ ናቸው፣ አንድም ከሁለተኛው ጋር ቆይተው ለመመለስ የተቃረቡ ናቸው። ቅጹ በሰኔ አካባቢ መሞላቱ ሚዛኑን ወደ ሦስተኛው ያዘነብለዋል።

ሜዳዩን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የገለጹልኝ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ያለው ሪባን የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ሜዳዩ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ተቀርጾ ተሰጥቷል፤ ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ነው የተሠራው። ከሪባኑ ላይ ያለችውን አግድም ዘንግ ቢመለከቱ «ኮሪያ» የሚለውን በራሳችን ፊደል ሊያገኙት ይችላሉ። እኔ ይህችን ትንሽ ብረት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ፊደላችን በዓለም ጦር ሜዳ ሜዳይ ላይ የተቀረጸበት ጊዜ ነውና። ሆኖም ሜዳዩ እስከ ሐምሌ 1946 ድረስ፣ ማለትም ተኩስ ከቆመ በኋላም ለአንድ ዓመት ላገለገሉ ይሰጥ ስለነበር፣ ለብቻው ውጊያን አይመሰክርም። መዝመታቸውን ያረጋግጣል፤ ሻለቃቸውን አይነግርዎትም።

ፎቶግራፉ የበለጠ ይናገራል። በማጉያ መነጽር የግራ ትከሻቸውን ይመልከቱ። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች በጫፋቸው ተጋጥመው የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ምልክት ካለ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው። ቃኘው ሻለቆች የተመደቡት ለዚህ ክፍለ ጦር፣ ከውስጡም ለ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነበር። የቃኘው ታሪክ በእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን በዚያ ሬጅመንት መዝገብ ውስጥም የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ መዝገቡ ወደ ታች እመለሳለሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። እንደ ማንኛውም የቃኘው ዘማች በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደዋል፤ ከዚያ በአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዘዋል። ከደጋ የመጣ ወታደር አብዛኛው ባሕርን ያየው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ኮሪያ ሲደርሱ የአሜሪካ መሣሪያ ታጠቁ፤ ኤም ዋን ጠመንጃ፣ ካርባይን፣ ቀላልና ከባድ መትረየስ፣ ሞርታር። ሥልጠናው እንዳበቃ ወደ ግንባር ወጡ።

ለምን ሄዱ ለሚለው ግን ጥቂት መስመር መስጠት ይገባል፤ ወታደሮቹ ራሳቸው ይህን ምክንያት ሰምተው ነውና የሄዱት። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ አንድ አገር ሲወረር ሌሎቹ ዝም ካሉ ማኅበሩ ዋጋ የለውም ብለው ነበር። ያን ጊዜ የሰማቸው አልነበረም። በሰኔ 1942 ደቡብ ኮሪያ ስትወረር የተባበሩት መንግሥታት ርዳታ ሲጠይቅ፣ ኢትዮጵያ ያኔ ለራሷ የለመነችውን ለሌላ ሰጠች። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ስኳድሮን ነው። አያትዎ ጠላት ሲወርረን ሕፃን ወይም ጎረምሳ ነበሩ። የወረራን ትርጉም ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ግንቦትና ሰኔ 1945 ልግባ።

በዚያን ወቅት ግንባሩ ለሁለት ዓመት ያህል ካለበት ብዙ አልተንቀሳቀሰም ነበር። በፓንሙንጆም ድርድሩ ቀጥሏል፤ በኮረብታዎቹ ላይ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ድንበሩ የሚቆምበትን መሬት በጭብጥ በጭብጥ ይሻሙ ነበር። በአሁኗ ደቡብ ኮሪያ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ በቾርዎንና በዮንቾን አካባቢ፣ የ7ኛው ክፍለ ጦር ምሽጎች ከቻይና ሠራዊት ምሽጎች ጋር በሸለቆ ተለያይተው ይተያዩ ነበር። የወታደሩ ሕይወት ከመሬት በታች ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ በግንድ ይከደናል፤ በላዩ የአሸዋ ጆንያ ይደረደራል፤ ፊቱ እሾህ ሽቦ ይዘረጋል። ከዋናው መስመር ወደ ፊት ወጣ ብለው ደግሞ ትናንሽ የጠባቂ ኮረብታዎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ጥቂት ሰዎች ይቀመጣሉ። ሥራቸው ጠላት ሲመጣ ቀድመው ማየትና የመጀመሪያውን ምት መቀበል ነው። ሦስተኛው ቃኘው ከጠበቃቸው ከእነዚህ ኮረብታዎች ሁለቱ በአሜሪካኖቹ የሬዲዮ ስያሜ «ዮክ» እና «አንክል» ይባሉ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚነገርለት «ፖርክ ቾፕ»፣ በካርታ ላይ የተቆረጠ ሥጋ ስለሚመስል እንዲህ የተባለው ኮረብታ፣ በዚያው ክፍለ ጦር ግንባር ላይ ነው።

ቀን ማንም አይንቀሳቀስም፤ የተንቀሳቀሰ ይታያል፣ የታየ ይመታል። ሥራው ሁሉ የማታ ነው። ጥቂት ወታደሮች በአንድ መኮንን እየተመሩ ከሽቦው አልፈው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። የሚንኳኳ ነገር ሁሉ ይታሰራል። የስልክ ሽቦ ከኋላቸው እየዘረጉ ይሄዳሉ፤ መድፈኞቹ ከየትኛው ነጥብ በምን ያህል ርቀት እንደሚተኩሱ አስቀድመው ለክተዋል። ከዚያ ተኝቶ ማዳመጥ ነው። ከጠላት አሳሾች ጋር ከተገናኙ ውጊያው በእጅ ቦምብ ርቀት ይሆናል፤ ካልተገናኙም ሳይነጋ ወደ ሽቦው መመለስ አለባቸው። ይህ በየሌሊቱ ይደገማል። እዚህ ላይ የቋንቋችንን አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። «ቃኘው» የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። ቃሉ ግን «ቃኘ» ከሚለው ይመዘዛል፤ መቃኘት አገርን ማሰስ፣ ጠላትን መመልከት ነው። የሦስተኛው ሻለቃ ዋና ሥራ የሌሊት ቅኝት ሆነ። ስማቸውን በሥራ ተረጎሙት።

ከግንቦት 11 ለ12 ቀን 1945 አጥቢያ የሆነው ከእነዚህ ሌሊቶች ሁሉ ይበልጥ ይታወሳል። የቻይና ጦር ወደ ዮክና አንክል በብዛት ሲገሠግሥ፣ ሸለቆው ውስጥ የነበረው የኢትዮጵያውያን አሳሽ ቡድን ከመካከሉ ላይ ወደቀ። በቁጥር አይመጣጠኑም። ሆኖም አልሸሹም፤ ኮረብታዎቹም አልተያዙም። ቁስለኛና አስከሬን ሸለቆው ውስጥ ጥለው አልተመለሱም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለቃኘው ሰዎች የክብር ሕግ ነበር፤ ሰው አይጣልም። ጦርነቱ ሲያልቅ ይህ በቁጥር ታየ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን 1945 በፓንሙንጆም ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከሌሎች አገሮች ሰዎች ሲመለሱ ኢትዮጵያዊ የሚመለስ አልነበረም። ሙታኖቻቸውንም ኮሪያ ቀብረው አልቀሩም፤ ወደ አገራቸው መጡ። በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያውያን መቃብር የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አያትዎ በዚያች ሌሊት ሸለቆው ውስጥ ነበሩ ልልዎት አልችልም፤ የያዙት ወረቀት እስከዚያ አያደርስም። በሻለቃው ውስጥ ካሉ ግን ያችን ሌሊት ሰምተዋታል። መድፉ ኮረብታውን ሲያንቀጠቅጥ ከወጥ ሠሪ እስከ አዛዥ የተኛ ሰው የለም።

ወደ ወጥ ቤቱ ልምጣ። አጎትዎ «ተኩስ አላዩም» ሲሉ ወጥ ቤትን ከግንባር ርቆ የሚገኝ ሰላማዊ ቤት አድርገው ስለሚያስቡ ነው። በኮሪያ እንዲያ አልነበረም። ምግቡ የሚበስለው ከኮረብታው ጀርባ፣ መኪና ሊደርስበት በሚችል ቦታ ነው። የሚበላው ግን ከላይ፣ ምሽጉ ውስጥ ነው። በመካከል ያለውን ዳገት ማን ይወጣዋል? ኮሪያውያን ተሸካሚዎች ነበሩ፤ «ጂጌ» በሚባል የእንጨት መሸከሚያ ጥይት፣ ውኃና ሽቦ በጀርባቸው ያወጡ ነበር። ያለ እነዚህ ሰዎች አንድ ኮረብታ ለአንድ ሳምንት አይያዝም ነበር። ከእነርሱ ጋር ወጥ ሠሪውም፣ ጸሐፊውም፣ ሹፌሩም ይወጣል። ትኩስ ምግቡ ሙቀት በሚይዝ የብረት ዕቃ ተሞልቶ ሲመሽ ይጓዛል። ሲመለሱ ዕቃው ባዶ ነው፤ እጃቸው ግን ባዶ አይደለም። ቃሬዛ ይዘው ይወርዳሉ።

ጠላትም ይህን ያውቃል። ከኮረብታው ጀርባ ያለው መንገድ በጠመንጃ አይደረስም፤ ሞርታር ግን የተሠራው ከኮረብታ ጀርባ ያለውን ለመምታት ነው፤ ቦምቡ ወደ ላይ ተተኩሶ ከላይ ወደ ታች ይወድቃል። የቻይና ሞርታረኞች የስንቅ መንገዶቹን ለክተው ያውቁ ነበር። መሽቶ ስንቅ የሚወጣበትን ሰዓት መገመትም አይከብድም። ስለዚህ አንድ ወጥ ሠሪ በሰኔ ወር፣ ግራ ክንዱ ላይ፣ በሞርታር ፍንጣሪ ቆሰለ ቢባል ለእኔ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲያውም ቀኝ እጁ የዕቃውን እጀታ ይዞ የሚወጣ ሰው ይታየኛል። ይህ ግምቴ ነው፤ እንደ ግምት ይውሰዱልኝ።

ቅጹ በእንግሊዝኛ የሆነውም ለዚሁ ነው። ኢትዮጵያዊ ቁስለኛ መጀመሪያ በሻለቃው የርዳታ ጣቢያ ይታሰርለታል፤ ከዚያ ለአሜሪካ ክፍለ ጦር ሕክምና ይተላለፋል፤ ከበድ ካለ ወደ ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል፣ የባሰበትም ወደ ጃፓን ይሄዳል። በእያንዳንዱ ደረጃ ቅጽ ይሞላል። በእጅዎ ያለው ወረቀት «ወደ ክፍሉ ተመለሰ» የሚል ነገር ካለበት ቁስሉ ቀላል ነበር፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ወደ ኮረብታው ተመልሰዋል ማለት ነው። ይህን መስመር ይፈልጉት። ለእኔ ከሜዳዩ ይልቅ ክብደት ያለው እርሱ ነው፤ ቆስሎ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ነውና የተመለሰው።

ተኩስ የቆመበትን ሌሊትም በአእምሮዎ ይያዙት። ሐምሌ 20 ቀን ጠዋት ስምምነቱ ተፈረመ፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ከምሽቱ በ4 ሰዓት ነው። በቀሩት ሰዓቶችም መድፍ ይተኮስ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ሠራዊቶች በ72 ሰዓት ውስጥ ከግንባሩ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ ታዘዙ። የሞቱለትን ምሽግ በገዛ እጃቸው አፍርሰው ግንዱን ተሸክመው ወረዱ። የፎቶግራፉ ምሽግ ዛሬ ካለ፣ ያለው ማንም በማይገባበት ከጦር ነጻ ቀጣና ውስጥ ወይም በጠርዙ ነው። በኋላ ወታደሮቹ በዶንግዱቾን ወላጅ አልባ ለሆኑ የኮሪያ ሕፃናት መጠለያ አቁመው ከደመወዛቸው ይረዱ ነበር። በዚያች ከተማ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ይህን እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

አሁን ለምን ዝም አሉ የሚለውን ላንሣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ያሳዘነዎት ይህ መሆኑ ይታያል። ሰው «ጦርነት አይወራም» ብሎ ያልፈዋል። አንድ እውነት አለበት፤ ለአንድ የኮሪያ ዘማች ግን በቂ አይደለም። ከኮሪያ በኋላ አገሩ ውስጥ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

የቃኘው ሰዎች የክብር ዘበኛ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953፣ እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቆሙ፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ወንድም ከወንድሙ ተታኮሰ። ሙከራው ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ ተበተነ፣ እንደገናም ተደራጀ። ተራው ወታደር የታዘዘውን ነው የፈጸመው፤ ስሙ ግን ከከዳው ክፍል ጋር ተጠራ። ኮሪያ ላይ ኮረብታ ያልለቀቀ ሰው ከሰባት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ በገዛ ከተማው እጁን ሰጠ፣ ወይም ልብሱን ቀይሮ ወደ ገጠር ወጣ። እንዲህ ያለፈ ሰው «ክብር ዘበኛ ነበርሁ» ብሎ ለልጁ የሚጀምርለት ወሬ እንዴት ይቀናዋል? አያትዎ በዚያን ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ ይሁኑ አይሁኑ አልጻፉልኝም፤ ለቤተሰብዎ ታላላቆች ይህን ጥያቄ ያቅርቡ።

ቀጥሎ 1966 መጣ። የኢትዮጵያን የኮሪያ ዘማች ጦር በበላይነት ያዘዙት፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ከበደ ገብሬ፣ በኅዳር 1967 ደርግ ከረሸናቸው የንጉሡ ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ከእነርሱ ጋር ለተዋጋ ሰው ሜዳዩን ደረቱ ላይ ማድረግ ቀርቶ ከሣጥን ማውጣትም የሚያስፈራ ሆነ። በመስከረም 1981 ሴኡል ኦሎምፒክን ስታዘጋጅ ኢትዮጵያ አልሄደችም፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆና ቀረች። አያትዎ በሕይወት ከነበሩ ሬዲዮ ሰምተዋል። በክንዳቸው ላይ ጠባሳ የተዉላት አገር ዓለምን ስትጋብዝ፣ የእርሳቸው አገር ልጆች አልነበሩም። ይህን ለማን ይናገሩታል? ዝምታቸው ከልጆቻቸው የመደበቅ አይመስለኝም፤ ልጆቻቸውን የመጠበቅ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ፣ መታሰቢያው ባለበት ቦታ፣ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አለ። ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታቸውንና ካለዎት የወታደር ቁጥራቸውን ይዘው ይሂዱ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘማቾች ከዘጠና ዓመት ያለፉ ናቸውና ፎቶግራፉን ለማሳየት አይዘግዩ። ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አንድ የሚያውቅ ዐይን ከአንድ ክፍል ሙሉ መዝገብ ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ ሩቅ ነው፤ የ7ኛው ክፍለ ጦርና የ32ኛው ሬጅመንት ወርኃዊ ዘገባዎች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ሜሪላንድ በሚገኘው በኮሌጅ ፓርክ ተቀምጠዋል። የተራ ወታደር ስም እምብዛም አያገኙበትም። ሻለቃው በየትኛው ቀን በየትኛው ኮረብታ ላይ እንደነበረ ግን በቀን በቀን ተጽፏል። የቅጹን ቀን ከዘገባው ቀን ጋር ሲያስተያዩ፣ አያትዎ የቆሰሉበትን ኮረብታ እስከ መለየት ሊደርሱ ይችላሉ።

ስም ፍለጋ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሜሪካኖቹ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚመዘግቡ፣ አያትዎ በአባታቸው ወይም በአያታቸው ስም ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉትን ለሁለት ሰንጥቀው አንዱን ክፍል ብቻ የሚጽፉበትም ጊዜ ብዙ ነው። «ጸ» እና «ቀ» ያለበት ስም ደግሞ በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። በአንድ አጻጻፍ አጥተው «የለም» ብለው አይመለሱ።

ፎቶግራፉን ለማሳደስ ከመስጠትዎ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ጥሩ አድርገው ያንሡት። አዳሾች ጀርባውን በካርቶን ይለጥፉታል፤ «ግንቦት 1945» የሚለው የእጅ ጽሑፍም በዚያው ይጠፋል።

አጎትዎንም እንደገና ያነጋግሯቸው። «ተኩስ አይተዋል ወይ?» ብለው አይጀምሩ፤ እርሱን አንዴ መልሰዋል። «ወጡን ሲመሽ ወዴት ነበር የሚሸከሙት?» ብለው ይጠይቋቸው። አባታቸው ስለ ዳገት፣ ስለ ጭለማ ወይም ስለ ከባድ ዕቃ አንድ ጊዜ ጣል ያደረጉት ቃል ካለ፣ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው።